የቤዝ ጊታር ክር ከፍ ብሎ አልወርድ ሲል፦ ከትረስ ሮዱ በፊት የአንገቱን መገጣጠሚያ ይመልከቱ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንድ አንባቢ ባለ አራት ክር፣ አንገቱ በአራት ብሎን የሚታሰር፣ ያገለገለ ቤዝ ጊታር ገዝተዋል። ክሮቹ በ12ኛው ፍሬት (በጣት ሰሌዳው ላይ በተተከለው 12ኛ የብረት መስመር) ላይ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ያሉ ሲሆን፣ ወደ አካሉ በተጠጉ ቁጥር ከፍታው እየባሰ ይሄዳል። በአካሉ ላይ ክሮቹ የሚያርፉባቸውና ከፍ ዝቅ የሚሉት የብሪጁ ሳድሎች እስከ መጨረሻው ወርደዋል። «ትረስ ሮዱን (በአንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ) አጥብቀው» ተብለው፣ ቁልፉ አልዞር እስኪል ድረስ ካጠበቁ በኋላ ከ1ኛው እስከ 4ኛው ፍሬት ያሉት ድምፆች መንቀጫቀጭ ጀመሩ፤ ከፍታው ግን እምብዛም አልቀነሰም። አንገቱ ወደ አካሉ በሚገባበት አፍ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚሆን ክፍተት ይታያል፤ ከብሎኖቹ አንዱ ሳይነክስ ዝም ብሎ ይዞራል፤ የጂ ክር ወደ ጣት ሰሌዳው ጠርዝ ተጠግቷል፤ አንገቱ ከሚቀመጥበት ማቀፊያ ማዕዘን የተነሣ ቀጭን ስንጥቅም ቀለሙ ላይ ይታያል። ጥያቄያቸው «አንገቱን በኮላ ላጣብቀው ወይስ ሌላ አንገት ልግዛ?» የሚል ነው።

ሁለቱንም አያድርጉ። የገለጿቸው ምልክቶች ከስንጥቁና ከመንቀጫቀጩ በቀር ሁሉም ወደ አንድ ቦታ፣ ማለትም አንገቱና አካሉ ወደሚገናኙበት መገጣጠሚያ የሚያመለክቱ ናቸው፤ ይህ ደግሞ በትዕግሥት ከተሠራ በአነስተኛ ወጪ የሚስተካከል ችግር ነው። ነገር ግን መጀመሪያ የተሰጠዎት ምክር መታረም አለበት።

ትረስ ሮድ የክር ከፍታ ማስተካከያ አይደለም። አራት የቤዝ ክሮች ተቃኝተው ሲወጠሩ በአንድነት ወደ 80 ኪሎ ግራም በሚጠጋ ኃይል አንገቱን ወደ ፊት ይስቡታል፤ በአንገቱ ውስጥ የተቀበረው የብረት ዘንግ ሥራው ይህን ስበት መመከትና እንጨቱ ከሚፈለገው በላይ እንዳይጎብጥ መያዝ ነው። አንገት ፍጹም ቀጥ ያለ መሆን የለበትም፤ ክሩ በመካከሉ ሰፋ ብሎ ስለሚርገበገብ ከሥሩ ጥቂት ስርጉድ ያስፈልገዋል። ባለሙያዎች ሬሊፍ የሚሉት ይህንን ስርጉድነት ነው። ዘንጉ የሚያዘው ይህንን ብቻ ነው፤ ኃይሉም የሚሠራው በአመዛኙ በአንገቱ መካከለኛ ክፍል ላይ ሲሆን፣ አንገቱ በአካሉ ላይ ምን ያህል እንዳዘነበለ ዘንጉ ሊለውጠው አይችልም። እርስዎ ሲያጠብቁት አንገቱ ከሚገባው በላይ ወደ ኋላ ተለጠጠ፤ ስለዚህ ከነቱ (በአንገቱ ራስ በኩል ክሮቹ ከሚያርፉበት ቁራጭ) አጠገብ ያሉት ፍሬቶች ክሩን መንካት ጀመሩ። ወደ አካሉ በተጠጋው ክፍል ያለው ከፍታ ግን ምንጩ ሌላ ስለሆነ በነበረበት ቀረ።

ሁለቱን ችግሮች ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ጊታሩን በሚጫወቱበት ቅኝት ይቃኙት፤ ወፍራሙን የኢ ክር በ1ኛው ፍሬት በካፖ (ክሮችን ተጭኖ በሚይዝ መቆንጠጫ) ያስሩት፤ በሌላ እጅዎ ደግሞ ያንኑ ክር በመጨረሻው ፍሬት ላይ ይጫኑት። በዚህ ጊዜ ክሩ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ስለሚል በ7ኛው ወይም በ8ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት በፊለር ጌጅ (ውፍረታቸው በታወቀ ስስ የብረት ምላሶች) መለካት ይቻላል። ለአብዛኛው ቤዝ ጊታር ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ተስማሚ ነው። ክሩ ፍሬቶቹ ላይ ሙሉ በሙሉ ከተኛ፣ የእርስዎም እንደሚተኛ እገምታለሁ፣ ዘንጉ ከመጠን በላይ ጠብቋል ማለት ነው። እንግዲህ ልኩ ትክክል ሆኖ ሳለ ክሩ አሁንም ከፍ ካለ፣ በተለይም ከ12ኛው ፍሬት በኋላ ከፍታው በፍጥነት ከጨመረ፣ ጥፋቱ የአንገቱ ማዘንበያ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ዘንጉን ማላላት ነው። ክሮቹን ትንሽ ያርግቡ፤ ቁልፉን ወደ ግራ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር ሳያልፉ ያዙሩ፤ መልሰው ይቃኙና ይለኩ። እንጨት ለውጡን ወዲያው አያሳይም፤ ከመጨረሻው ማስተካከያ በኋላ ጊታሩን አንድ ቀን አሳድረው እንደገና ይለኩት። ቁልፉ ወደ ግራም አልዞር ካለ እዚህ ላይ ያቁሙ፤ በኃይል የሚፈታ ዘንግ ሲበጠስ ጥገናው የጣት ሰሌዳውን እስከ መንቀል ይደርሳልና ለባለሙያ ይስጡት። በብዙ አንገቶች ላይ የዘንጉ ዳዶ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ይወጣል። የእርስዎ እንዲህ ያለ ከሆነ አውጥተው ጥርሱን ያጽዱ፤ በጥቂት ግሪስም ያለስልሱት። «አልዞር አለ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ዳዶው የዘንጉን ጥርስ ጨርሶ ስለተጋጨ እንጂ አንገቱ መሸከም ስላቃተው አይደለም፤ በዚህ ጊዜ ከዳዶው ሥር አንድ ሮንዴላ መጨመር ዘንጉ እንደገና የሚሠራበትን ቦታ ይሰጠዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በአካሉ ላይ አንገቱ የሚቀመጥበትን ጎድጓዳ ማቀፊያ ኪስ እንበለው። አንገቱን ወደ ፊት የሚስበው የክሮቹ ኃይል የአንገቱን ግርጌ በብሪጁ በኩል ወደ ታች ሲጫነው፣ በኪሱ አፍ በኩል ደግሞ ወደ ላይ ያነሣዋል። ብሎኖቹ በጥብቅ ካልያዙት አፉ ላይ ክፍተት ይከፈታል፤ እርስዎ ያዩት ይህንን ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የኪሱ ርዝመት 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን፣ በ34 ኢንች ማለትም በ864 ሚሊ ሜትር ስኬል (ከነቱ እስከ ብሪጁ ባለው የክር ርዝመት) ላይ ይህ ክፍተት ብቻውን በ12ኛው ፍሬት ላይ ከግማሽ ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ይጨምራል።

«ታዲያ ብሎኖቹን አጥብቄ ለምን አልተዘጋም?» ይሉ ይሆናል። መልሱ ያለው ብዙ ሰው በማያየው ቦታ፣ በአካሉ ቀዳዳዎች ውስጥ ነው። ብሎኑ መንከስ ያለበት አንገቱን ብቻ ነው፤ በአካሉ ውስጥ ያለምንም ንክሻ ተንሸራቶ ማለፍ አለበት። የብሎኑ ጥርስ አካሉንም አንገቱንም በአንድነት ከነከሰ፣ ሁለቱ በተነካከሱበት ጊዜ የነበራቸው ርቀት እንደ ተቆለፈ ይቀራል፤ የቱንም ያህል ቢያጠብቁ አይቀራረቡም። ለመፈተሽ አንገቱን ያውጡና ብሎኑን ከጀርባ በኩል በጣትዎ ወደ አካሉ ይግፉት። ካቻቪቴ ሳያስፈልገው እስከ ራሱ ከገባ ቀዳዳው ትክክል ነው። ካልገባ ቀዳዳውን ያስፉ፤ ለተለመደው 4.2 ሚሊ ሜትር ብሎን 4.5 ሚሊ ሜትር ፑንታ ይበቃል።

አንገቱን ባወጡበት ጊዜ ኪሱን በጎን ብርሃን ይመልከቱት። ወለሉ ላይ የረጋ የቀለም ጠብታ፣ የአሮጌ ተለጣፊ ወረቀት ቅሪት፣ የእንጨት ብናኝ ሊኖር ይችላል። ከሁሉም በላይ ግን የብሎን ቀዳዳዎቹን ከንፈር በጣት ጫፍ ይዳስሱ፤ በአንገቱ ግርጌም በኪሱ ወለልም ላይ። ብሎን ሲገባና ሲወጣ በቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ቃጫ ወደ ላይ እየሳበ እንደ ቀለበት ያለ ጉብታ ይፈጥራል፤ ዓይን የማያየውን ጣት ያገኘዋል። ግርጌው በእነዚህ ጉብታዎች ላይ ከተቀመጠ ከወለሉ ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። ጉብታውን በስለታም መሮ ይላጡት፤ የቀዳዳውንም አፍ በሰፋ ፑንታ በእጅ እያዞሩ ጥቂት ያጎድጉዱት። ወለሉን ግን በብርጭቆ ወረቀት «ላስተካክል» ብለው አይፈትጉት። በእጅ የሚፈተግ ወለል ጠርዝ ጠርዙ እየተበላ መካከሉ ጉብ ይላል፤ በዚህ መንገድ የተበላሹ ኪሶችን ማዳን ከመጀመሪያው ችግር ይልቅ አድካሚ ነው።

ዝም ብሎ የሚዞረው ብሎን በአንገቱ ውስጥ ያለውን ጥርስ በልቷል። ሰዎች በብዛት የሚያደርጉት ስቴኪኒ በኮላ ነክሮ ቀዳዳው ውስጥ መጠቅጠቅ ነው፤ ይህ ለመቃኛ ወይም ለማንጠልጠያ ትንንሽ ብሎኖች ያገለግላል፣ 80 ኪሎ ግራም ለሚሸከም መገጣጠሚያ ግን አልመክረውም። ትክክለኛው ጥገና ቀዳዳውን በ8 ሚሊ ሜትር ፑንታ ማጽዳት፣ ከሜፕል ወይም ከሌላ ጠንካራ እንጨት የተሠራ ውታፍ በእንጨት ኮላ መድፈን፣ ኮላው 24 ሰዓት ከደረቀ በኋላ ከግርጌው ጋር እኩል አድርጎ መላጥና አዲስ መነሻ ቀዳዳ መሰርሰር ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ድቡልቡል የእንጨት ካስማ ቃጫው በርዝመቱ ስለሚሄድ ብሎኑ በቃጫዎቹ መካከል እየሰነጠቀ ይገባል፤ ንክሻውም ደካማ ይሆናል። ቃጫው ከአንገቱ ቃጫ ጋር በአንድ አቅጣጫ እንዲሄድ ከጣውላ ገጽ ተቆርጦ የወጣ ውታፍ በእጅጉ ይሻላል።

መነሻ ቀዳዳው ለ4.2 ሚሊ ሜትር ብሎን በሜፕል ላይ 3.2 ሚሊ ሜትር ያህል ቢሆን ይስማማል። ጥልቀቱን ሳይለኩ መሰርሰር አይጀምሩ። የተለመደው የአንገት ግርጌ ከነጣት ሰሌዳው ውፍረቱ 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ብሎኑ ወደ ውስጥ የሚገባው ወደ 15 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ፑንታው ላይ በልኩ ማጣበቂያ ፕላስተር ይጠምጥሙና ምልክቱ ግርጌውን ሲነካ ያቁሙ። ፑንታው በጣት ሰሌዳው ወጥቶ ያየ ሰው ይህን ምክር ሁለት ጊዜ መስማት አያስፈልገውም። የብሎኑን ጥርስ በጥቂት ሰም ያለስልሱት፣ ሲያስገቡትም በእጅ ካቻቪቴ እንጂ በኤሌክትሪክ መሣሪያ አይሁን። ብሎኑን ቀድሞ በተቀረጸው ጥርስ ላይ ለማስቀመጥ መጀመሪያ ወደ ግራ እያዞሩ ጠብ ሲል ሲሰማዎት ወደ ቀኝ ያጥብቁ፤ እንዲህ ካደረጉ በየፍታቱ አዲስ ጥርስ እየቆረጡ እንጨቱን አይበሉትም። አንገቱን ደጋግሞ የሚፈታ ሰው በግርጌው ውስጥ ባለ ጥርስ የብረት መቀበያ ቢያስቀብር የበለጠ ይጸናል፤ መቀበያው ግን ፍጹም ቀጥ ብሎ መግባት ስላለበት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው የሚሆን ሥራ አይደለም።

ኮላውን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፤ በብሎን የሚታሰር አንገት አይጣበቅም። በ1951 የወጣው የፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝ አንገት በብሎን የታሰረ ነበር፤ የዚህ አሠራር ትልቁ ጥቅምም አንገቱን ፈትቶ ማስተካከል፣ መጠገን ወይም መለወጥ መቻሉ ነው። አንገታቸው በኮላ የሚጣበቅ ጊታሮች ማዘንበያቸው አስቀድሞ ተለክቶ የተቆረጠ ነው፤ እርስዎ ግን የሚያጣብቁት ዛሬ የተሳሳተውን ማዘንበያ ለዘለቄታው ነው። በዚያ ላይ የኪሱ ወለል ብዙ ጊዜ ቀለም የተቀባ ስለሆነ የእንጨት ኮላ አይዘውም፤ ፈጣን ማጣበቂያ ወይም ኤፖክሲ ከተጠቀሙ ደግሞ በሌላ ቀን አንገቱን ለማውጣት የሚሞክረው ባለሙያ አካሉን ሳይጎዳ ማውጣት እጅግ ይከብደዋል። «ኮላ ድምፁን ያረዝመዋል» የሚለውን አስተያየት ሰምተው ይሆናል። በደንብ የተገናኘና በአግባቡ የጠበቀ የብሎን መገጣጠሚያ ድምፅ አያባክንም፤ ድምፅ የሚያባክነው እንደ እርስዎ ጊታር ያለ የላላ መገጣጠሚያ ነው።

ኪሱ ከጸዳ፣ ቀዳዳው ከተደፈነና ክፍተቱ ከተዘጋ በኋላ እንደገና ይለኩ። ከፍታው ይቀንሳል፤ ዘንጉን ማላላትዎ ግን ጥቂት መልሶ ስለሚጨምርበት የሚፈለገውን ያህል ላይወርድ ይችላል። በ12ኛው ፍሬት ላይ ለኢ ክር 2.5፣ ለጂ ክር 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ጥሩ መነሻ ነው። ከዚህ በላይ ከሆነና ሳድሎቹ አሁንም ወለል ላይ ከተኙ ከግርጌው ሥር ሽብልቅ ይግባ። በፋብሪካም ሳይቀር የሚሠራበት መንገድ ስለሆነ ሽብልቅ ማስገባት ነውር አይደለም፤ ልዩነት የሚያመጣው ከምንና እንዴት እንደተሠራ ነው።

የሽብልቁ ወፍራም ጫፍ በብሪጁ በኩል ይሆናል፤ ይህም የአንገቱን ራስ ወደ ኋላ ያዘነብለዋል፣ ክሮቹም ወደ ፍሬቶቹ ይቀርባሉ። በተቃራኒው ካስቀመጡት ችግሩን ያብሱታል። መጠኑን በሂሳብ ማወቅ ይቻላል። አንገቱ ግማሽ ዲግሪ ቢያዘነብል ከኪሱ አፍ እስከ ብሪጁ ባለው 32 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ወደ 3 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ለውጥ ያመጣል፤ በ12ኛው ፍሬት ላይ የሚታየው የዚህ ግማሽ፣ ማለትም 1.4 ሚሊ ሜትር ነው። በ9 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ላይ ግማሽ ዲግሪ ማለት በሽብልቁ ሁለት ጫፎች መካከል 0.8 ሚሊ ሜትር ልዩነት ነው። ስለዚህ ከግማሽ ዲግሪ ይጀምሩ፤ ለእርስዎ ጊታር ይበቃል ብዬ አምናለሁ፣ ሳድሎቹንም ከወለሉ ትንሽ ከፍ አድርጎ ለማስተካከል ቦታ ይተርፍዎታል።

ብዙዎች ከጫፉ ሥር ቁራጭ ካርቶን ወይም የፕላስቲክ ካርድ ስንጣሪ ይከታሉ። ለአንድ ቀን ሙከራ፣ መጠኑን ለማወቅ ያህል፣ እቀበለዋለሁ። ለዘለቄታው ግን አይሆንም፤ ከስንጣሪው በኋላ ያለው ባዶ ቦታ ግርጌውን ያለ ድጋፍ ስለሚተወው፣ ብሎኖቹ በየዓመቱ እየሳቡት ከመጨረሻዎቹ ፍሬቶች በኩል ወደ ላይ የመታጠፍ ዕድል ይኖረዋል። ይህ ሲደርስ ፍሬቶቹን መሞረድ ግድ ይሆናል። ሽብልቁ የኪሱን ወለል ከዳር እስከ ዳር የሚሸፍን፣ ከጠንካራ እንጨት የተሠራ፣ ውፍረቱ ሳይቋረጥ የሚቀንስ ይሁን፤ ብሎኖቹ የሚያልፉበት ቀዳዳም ይኑረው። በኮላ አያጣብቁት፤ ብሎኖቹ ይይዙታል።

ወደ ጠርዝ ስለ ተጠጋው የጂ ክር ብዙ ማለት አያስፈልግም። ኪሱ በጎን በኩል ጥቂት ሰፊ ከሆነ አንገቱ ወደ አንድ ወገን ዞሮ ታስሯል። ክሮቹን አስረው በመጠኑ እንደተወጠሩ ብሎኖቹን ሩብ ዙር ብቻ ያላሉ፤ የአንገቱን ራስ የኢ ክር እና የጂ ክር ከጠርዛቸው እኩል እስኪርቁ ድረስ ወደሚፈለገው ወገን በእርጋታ ይግፉት፤ ይዘው ያጥብቁ። ቀዳዳዎቹ በአካሉ ውስጥ ከሰፉ በኋላ ይህ ከቀድሞው በቀለለ ይሆናል።

ከኪሱ ማዕዘን የተነሣው ስንጥቅም አያስደንግጥዎ። ወፍራም ቀለም በዚህ ማዕዘን ላይ መሰንጠቁ የተለመደ ነው። ለማረጋገጥ አንገቱ እንደታሰረ ራሱን በቀስታ ወደ ኋላና ወደ ፊት እየገፉ ስንጥቁን ይመልከቱ፤ ካልተከፈተና ካልተዘጋ ቀለም ብቻ ነው፣ ይተዉት። ከተላወሰ ግን የእንጨት ስንጥቅ ስለሆነ ክሮቹን ወዲያው ያርግቡ፤ አንገቱን አውጥተው ቀጭን የእንጨት ኮላ ወደ ውስጥ ካሰረጉ በኋላ በሞርሳ አስረው አንድ ቀን ያቆዩት።

አዲስ አንገት የሚገዛው በሁለት ሁኔታ ብቻ ነው፤ ዘንጉ ተበጥሶ ወይም ጥርሱ ተበልቶ ከሆነ፣ አለዚያም አንገቱ ተጠማዝዞ ከሆነ። መጠማዘዙን ለማየት ከራሱ በኩል በአንድ ዓይን ወደ ብሪጁ አሻግረው ይመልከቱ፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ፍሬት እኩል ካልተኙ ተጠማዟል፤ ይህን ደግሞ የተለመደው ነጠላ ትረስ ሮድ አያቃናም። መግዛት ግድ ከሆነ ከውበቱ በፊት ልኩን ይመልከቱ። ከነቱ እስከ 12ኛው ፍሬት ያለው ርቀት በ34 ኢንች ስኬል 432 ሚሊ ሜትር ነው፤ አንገቱ ኪሱ ውስጥ ሲቀመጥ ከ12ኛው ፍሬት እስከ ሳድሎቹም ይህንኑ ያህል፣ ለወፍራም ክሮች ከዚህ ጥቂት የሚበልጥ፣ ቦታ መኖር አለበት። በፌንደር ልክ የተሠሩ ግርጌዎች ስፋታቸው 63.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የእርስዎን በካሊፐር ይለኩ እንጂ በስም አይመኑ። በነቱ በኩል የጃዝ ቤዝ አንገት 38 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን የፕሪሲዥን ብዙውን ጊዜ ከ41 ሚሊ ሜትር ይጀምራል፤ ይህ መግጠም አለመግጠሙን ሳይሆን እጅዎ የሚሰማውን ይወስናል። ቀዳዳዎቹን በአሮጌው አንገት ልክ ቀድተው አይሰርስሩ። አዲሱን አንገት በቦታው አስቀምጠው በሞርሳ በስሱ ይያዙት፤ በኢ እና በጂ መስመር ከነቱ እስከ ብሪጁ ሁለት ቀጭን ሲባጎ ወጥረው አሰላለፉን ካረጋገጡ በኋላ በአካሉ ቀዳዳዎች በኩል ምልክት ያድርጉ።

ለእርስዎ ጊታር የማሳስበው ቅደም ተከተል ይህ ነው፤ ዘንጉን ያላሉ፣ አንገቱን አውጥተው ኪሱንና ቀዳዳዎቹን ያስተካክሉ፣ የተበላውን ቀዳዳ በውታፍ ይድፈኑ፣ አንገቱን መልሰው ይለኩ፣ ካስፈለገ ብቻ የግማሽ ዲግሪ ሽብልቅ ያስገቡ፣ በመጨረሻ ሳድሎቹንና ቅኝቱን ያስተካክሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይለኩ አይለፉ። ከአንድ ሳምንት በኋላም ሬሊፉን አንድ ጊዜ ይፈትሹ፤ ለረጅም ጊዜ በጠበቀ ዘንግ የተያዘ እንጨት ቀስ እያለ ስለሚመለስ አንድ ስምንተኛ ዙር ማጥበቅ ሊያስፈልግ ይችላል። በዚያን ጊዜ 0.5 ሚሊ ሜትር ካለፈና ዘንጉ በሁለት ሙከራ ምንም ለውጥ ካላሳየ እርስዎ ሊያደርጉት የሚችሉት እዚህ ላይ ያበቃል፤ አንገቱን በሙቀትና በሞርሳ ማቃናትም ሆነ ዘንጉን መለወጥ የባለሙያ ሥራ ነው።